የብራድፎርዷ ትርሲት

ቅዳሜ ገበያው ሊበተን ሲል አፈወርቅ የፈትል ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ከትርሲት ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ሌላ ጊዜ ገና ከሩቅ እየሳቀ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ግን ጆንያውን አውርዶ፣ በርጩማውን ስቦ፣ ሳይስቅ ተቀመጠ።

"አባቴ ሐሙስ ለምሳ እናንተ ቤት እንደሚመጡ ለእናትሽ ንገሪያቸው" አላት።

ትርሲት የምትሠራውን ሹራብ ከነመርፌው ጭኗ ላይ አሳረፈች። የአፈወርቅን አባት መርጌታ አትናቴዎስን መሐል ሜዳ ከተማና አካባቢው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በዚያ አገር ቅዳሴ የሚያውቅ ዲያቆን ካለ ወይ እሳቸው አስተምረውታል፣ ወይ ተማሪያቸው አስተምሮታል። ልጃቸው "እንግሊዟን" ሊያገባ ማሰቡን ከሰሙ ጀምሮ ግን ክፉም ደግም አልተነፈሱም። ከቁጣቸው ይልቅ ዝምታቸው ሁለቱን ሲያስጨንቃቸው ከርሟል።

"ምን አሉ?"

"'በሰው አፍ የሰማኋትን በዓይኔ ልያት። እጇን ልቅመስ፣ ነገሯንም ልስማ። ከዚያ በኋላ የምለውን እላለሁ' አሉኝ።"

"አይሆንም ካሉስ?"

አፈወርቅ መሬት መሬት አየ። አባቱን አሳዝኖ ጎጆ የሚቀልስ ሰው አለመሆኑን ታውቃለች። እንዲያውም ከወደደችለት ነገር አንዱ ይኸው ነበር።

"ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አላት፣ ዓይኑን ከፊቷ ወደ ትከሻዋ አውርዶ። "ሐሙስ ይኼን ጃኬት አትልበሺው። የአገር ልብስ አለሽ አይደል? እሱን ልበሺ።"

ጃኬቱ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ትከሻው በስፖንጅ ተሞልቶ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ብሏል፤ ቁልፎቹ የስኒ ማስቀመጫ ያክላሉ። ትርሲት በሰው አገር መጀመሪያ በገዛ ደሞዟ የገዛችው ልብስ እሱ ነው። ለብሳው ስታልፍ የመሐል ሜዳ ልጆች "ትከሻ! ትከሻ!" እያሉ ይከተሏታል። ልጆቹ ስቀውባት አዝና አታውቅም። ከአፈወርቅ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነባት።

"እሺ" አለችው፤ ፈትሉን መዘነች፣ ሒሳቡን ከፈለች፣ ደህና ዋል አለችው። ከሄደ በኋላ መርፌዎቹን አንስታ መሥራት ሞከረች። ዓይኗ እንባ ስላቀረረ ጥልፉን ሁለት ጊዜ ሳተችው። "አፈረብኝ" አለች ለራሷ። ይኼን ቃል ይዛ ወደ ቤት ሄደች፤ ይኼንኑ ይዛ ተኛች።

ትርሲት ከአገሯ የወጣችው ልጅ እግር ሳለች ነው። ደብረ ብርሃን በጎች ላይ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ባለሙያና ሚስቱ ዶሪን መንታ ልጆቻቸውን እንድትይዝላቸው ቀጥረዋት ነበር። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መንቶቹ ከአንገቷ አንላቀቅም ብለው አለቀሱ፤ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። ብራድፎርድ በሚባል የሱፍ ፋብሪካ በሞላበት ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ፣ መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት፣ መንቶቹም ጎርምሰው ሞግዚት የማያስፈልጋቸው ሲሆኑ፣ እናቷ ወይዘሮ አማከለች ብቻቸውን እያረጁ ነው ብላ ተመለሰች። ከዶሪን የተማረችውን የሹራብ ሥራ በመንዝ በግ ጠጉር ጀመረች።

ፈትሉን የሚያመጣላት አፈወርቅ ነበር። ከጦርነት ተመልሶ፣ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ ከሞላሌ እስከ ራቤል እየዞረ ፈትል የሚሰበስብ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፈትሉ ሲመጣ መጠንጠን ነበረበት። እሷ እጆቿን ዘርግታ ክሩን በሁለቱ መዳፎቿ ትይዛለች፤ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ልቃቂት ያደርገዋል። እጇ የታሰረ ሰው ከመነጋገር ሌላ ምን ይሠራል?

"እስቲ ስለ ቤታቸው ንገሪኝ" ይላታል።

ትነግረዋለች። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በረድፍ የተሠሩ መሆናቸውን፣ ወለሉ ከደረጃው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ምንጣፍ መልበሱን፣ ሳሎን ያለችው የጋዝ ምድጃ ሳንቲም ካልጎረሰች እንደማትሞቅ፣ ማታ ማታ ፈላ ውኃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት አቅፈው እንደሚተኙ። ጠዋት ወተት በጠርሙስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

"እና ማንም አይወስደውም?"

"ወፍ ብቻ። ክዳኑን ትበሳና ቅባቱን ትጠጣዋለች።"

አፈወርቅ ልቃቂቱን ይዞ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሌላ ቀን ስለ ሴቶቹ ነገረችው፤ ጠጉራቸውን በመድኃኒት እያከረደዱ እንደ በግ ግልገል እንደሚያደርጉት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ የሚደርስ እግር አልባ ካልሲ ሱሪ ላይ እንደሚያጠልቁ።

"እግሩ የት ሄደ?"

"ከመጀመሪያውም የለውም። ፋሽን ነው።"

"ክር አልቆባቸው ይሆናል" አለ አፈወርቅ፤ እሷም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ሁለቱም የሚያዩበት ጠፋቸው። ክሩ ከተጠነጠነ ቆይቶ ነበር፤ እጆቿ ግን እንደተዘረጉ ናቸው። አንዱን እጇን ያዘው፤ አልነጠቀችውም። ነገሩ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

አሁን በልቧ ያንን ሁሉ እየመለሰች መረመረችው። ሲስቅ የነበረው በወሬው ነው ወይስ በእኔ? እያለች አራት ቀን ተብሰለሰለች። ረቡዕ ማታ ላይ ቆረጠች።

"እማዬ፣ ለነገ ዶሮ እንዳታርጂ። ምሳውን እኔ ነኝ የምሠራው።"

"ምን ልትሠሪ?" አሉ ወይዘሮ አማከለች።

"የብራድፎርድ ምግብ። ዶሪን ሐሙስ ሐሙስ የምትሠራውን።"

"ለየኔታ?" እናቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አንቺ ልጅ፣ ባል ልታገቢ ነው ወይስ ልታባርሪ?"

"ልያት ብለው የለ? እንደሆንኩት ይዩኝ። ጃኬቱንም እለብሰዋለሁ።"

ወይዘሮ አማከለች ልጃቸው ግትር መሆኗን ያውቃሉ፤ ከማን እንደወረሰችውም ያውቃሉ። "እንዳልሽ" አሉ። በነጋታው ማለዳ ግን ከጎረቤት ቤት ተደብቀው አንዲት ዶሮ ማሠራታቸው አልቀረም።

ትርሲት የበጉን ሥጋ በቢላ አድቅቃ ከትፋ፣ በሽንኩርትና በካሮት አበሰለችው። ድንቹን ቀቅላ በቅቤና በወተት ደፈጠጠች። ሥጋውን ብረት ድስት ውስጥ አነጠፈችና ድንቹን ከላይ አለበሰችው፤ ፊቱን በሹካ አፍ እየሰነጠቀች ትልም በትልም አደረገችው። የዶሪንን የጋዝ መጋገሪያ ከየት ታምጣ? ድስቱን እንደ ድፎ ዳቦ ፍም ላይ አስቀመጠችና ክዳኑ ላይ ደግሞ የኩበት ፍም ቆለለችበት። ክዳኑን ስትከፍተው የድንቹ ትልም ጫፍ ጫፉ ወርቅ መስሏል። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታው ለአፍታ የዶሪን ወጥ ቤት ውስጥ የቆመች መሰላት፤ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ መንቶቹ በሹካ ጠረጴዛ እየደበደቡ። ደስም አላት፣ ሆዷም ባባ።

የኔታ አትናቴዎስ ስድስት ሰዓት ላይ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ከብርዱ በርኖስ ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። አፈወርቅ ከኋላቸው ነበር። ሰማያዊውን ጃኬት ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። ትርሲት አየችው፤ አገጯን ቀና አደረገች።

የኔታ መደቡ ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

"ትከሻሽን ምን ነካው?"

"ስፖንጅ ነው፣ የኔታ።"

"ለምን ገባ?"

"የዚያ አገር ሴቶች ቢሮ ሲገቡ ከወንዶቹ እኩል ግዙፍ ሆነው ለመታየት ብለው ያመጡት ፋሽን ነው። እኔ ደግሞ ሙቀቱን ወደድኩት።"

የኔታ አሰብ አደረጉ። "የእኛም ካባ ትከሻው ላይ ጌጥ አለው። ሰው ሲከብር ትከሻው ይሰፋል" አሉ። እየቀለዱ ይሁን እየመረመሩ ከፊታቸው ማንበብ አልተቻለም።

ድስቱ ቀረበ። አቡነ ዘበሰማያት ተደገመና የኔታ ባረኩ። ግን እጃቸውን አልሰደዱም።

"ምንድን ነው ይኼ? የታረሰ ማሳ ይመስላል።"

"ከታች የበግ ሥጋ ነው፤ ከላይ ድንች። በእነሱ ቋንቋ የእረኛ ምግብ ይሉታል።"

"እረኛው እንዲህ ከበላ ጌታውማ ምን ሊበላ ነው!" አሉ የኔታ። ወይዘሮ አማከለች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አፈወርቅም ፈገግ ሊል ጀምሮ ነበር፤ የአባቱ ፊት መልሶ ሲከብድ ተወው።

"ከመብላቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "አሥራ ሁለት ዓመት ትንሽ አይደለም። በዚያ አገር ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን እንዴት አለፍሻቸው? እውነቱን ንገሪኝ።"

ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚፈልገው፣ ግን ማንም በፊቷ ያልጠየቃት ጥያቄ ይኼው ነበር።

"ባቄላ ነበር የምበላው፣ የኔታ" አለች ትርሲት። "የዚያ አገር ባቄላ በቲማቲም ተቀቅሎ በጣሳ ታሽጎ ይሸጣል። እሱን አሙቀው በተጠበሰ ዳቦ ላይ ያፈሱታል። ልጅ ሁሉ ይበላዋል፤ ርካሽ ነው። ዶሪን ጾም ሊገባ ሲል ጣሳዎቹን ገዝታ ጓዳው ውስጥ ትደረድርልኝና ስሜን ትጽፍባቸው ነበር፤ መንቶቹ እንዳይነኩብኝ።"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው መሰሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ እጃቸውን ወደ ድስቱ በሰደዱ ነበር። ትርሲት ግን አልቆመችም።

"ግን ሁልጊዜ አይደለም" አለች።

አፈወርቅ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ "ተይው" ይላት ነበር። እናቷም ክንዷን ነካ አደረጓት።

"በዚያ አገር ዓርብ ማታ ቤተሰብ ሁሉ ዓሣና ድንች ጥብስ ከሱቅ ገዝቶ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። አቼቶና ጨው ይነሰንሱበታል፤ ሽታው መንገዱን ሁሉ ይሞላል። እኔ ዓሣውን ትቼ ድንቹን ብቻ እበላ ነበር። ድንች ምን አለበት ብዬ። መጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደዚያ ጾምኩ። በኋላ አንድ ዓርብ ከዶሪን ጋር ሱቁ ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ሰውየው ነጭ ነገር በአካፋ እየዛቀ መጥበሻው ውስጥ ሲጨምር አየሁት። ምንድን ነው? አልኩ። የበሬ ሞራ ነው አለችኝ። በዚያ ከተማ ድንቹም ዓሣውም በሞራ ነው የሚጠበሰው። እኔ አላወቅሁም ነበር፣ የኔታ። ዓርብ ዓርብ ሞራ ስበላ ነበር የኖርኩት።"

ወይዘሮ አማከለች "ወይኔ ልጄን" አሉ ቀስ ብለው።

የኔታ አልተንቀሳቀሱም። "ስታውቂ ምን አደረግሽ?"

"እዚያው ሰው መሐል አለቀስኩ። ዶሪን ሰው የሞተብኝ ነው የመሰላት። እየጎተተች ወደ ውጭ አወጣችኝና መንገድ ላይ ቆመን ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ተመልሳ ገብታ ሰውየውን በዘይት የምትጠብሱት የለም ወይ? አለችው። የለም አላት። በነጋታው አዲስ መጥበሻ ገዝታ መጣች። ከዚያ ጀምሮ አገሬ እስክመለስ ድረስ ዓርብ ዓርብ ቤት ውስጥ በዘይት ድንች ስትጠብስልኝ ኖረች። መጋረጃው በዘይት ሸተተ፤ ባሏ አጉረመረመ፤ እሷ ግን መጥበሻውን ለሌላ ነገር ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። 'ይኼ የትርሲት ነው' ትል ነበር።"

እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። የኔታን ፈርታ አልነበረም። መጥበሻውን ከተራው ዕቃ ለይታ መስቀያ ላይ ስትሰቅለው የነበረችው ያቺ ሴት፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እያለ፣ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት። ከተመለሰች ወዲህ ስለ ዶሪን ያለቀሰችው ያን ጊዜ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የኔታ አትናቴዎስ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አገጫቸውን አሳረፉበት።

"ቤተ ክርስቲያን ትስም ነበር፣ ያቺ ሴት?"

"ለገና ብቻ፣ የኔታ።"

"ስሟን ማን አልሽኝ?"

"ዶሪን።"

"ዶ... ሪን" አሉ እየሞከሩ። "ዶሪን። ሌሊት ለጸሎት ስነሣ አስባታለሁ። የሰውን ልጅ ጾም የጠበቀችን ሴት ሳላስብ ብቀር እግዚአብሔርም ደስ አይለውም።" ከዚያ ወደ ትርሲት ዞሩ። "አንቺም፣ ልጄ፣ ባቄላውን ነግረሽኝ ሞራውን ብትደብቂኝ ኖሮ እበላልሽ ነበር። አምኜሽ ግን አልሄድም ነበር። በይ አሁን አቅርቢልኝ፤ ማሳው ሳይቀዘቅዝ።"

ልጄ አሏት። ትርሲት ማንኪያውን አንስታ ሳህናቸውን ሞላችላቸው።

የኔታ ቀመሱ። አላመጡ። ደገሙ። "ቅመሙ ሰነፍ ነው" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ግን ለጥርሴ ተስማማኝ" አሉና ሳህናቸውን መልሰው ዘረጉ። ሲጠግቡ አፍንጫቸውን ወደ ጓዳው አዙረው "የዶሮ ወጥ የሚሸተኝ እርጅናዬ ነው?" ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አማከለች በሐፍረት መሬት ሊገቡ ምንም አልቀራቸው። ወዲያው ግን የጓዳውን ነገር ለየኔታ ሊያስረዱ ሲጀምሩ፣ ትርሲት ባዶውን ድስት ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። አፈወርቅ ተከተላት።

የድንጋይ አጥሩ ጋ ቆሙ። ነፋሱ ከሜዳው ላይ እየገረፈ ይመጣ ነበር። ድስቱን መሬት አስቀመጠችው።

"እሳቸው ያላፈሩብኝን አንተ ለምን አፈርክብኝ?" አለችው።

"እኔ?"

"ቅዳሜ። 'ይኼን ጃኬት አትልበሺው' አላልከኝም?"

አፈወርቅ ግንባሩን በመዳፉ አሸው። "አፍሬብሽ መሰለሽ? ሳትናገሪ ሦስት ቀን ይኼን ይዘሽ ዋልሽ?"

"አራት ነው።"

"ትርሲት፣ ከአውቶቡስ የወረድሽ ዕለት የለበስሽው ይኼንኑ ነበር። እኔ የበግ ጠጉር ልጭን እዚያ ቆሜ ነበር። ሻንጣሽን ከጣሪያው ላይ ያቀበሉት ለእኔ ነው፤ አንቺ አታስታውሺም። ይቺ ሴት እንደ መጣች ትመለሳለች አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ይኼን ጃኬት ለብሰሽ ባየሁ ቁጥር አውቶቡሱ ሊወስድሽ የመጣ ይመስለኛል። ከአባቴ ጋር ምንም አያገናኘውም። አባቴን ሰበብ አደረግኳቸው።"

ትርሲት አራት ቀን ሙሉ ያዘጋጀችው መልስ ሁሉ ለሌላ ጥያቄ ነበር።

"ይኼን ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ፈራሁ። ዛሬ አንቺ አባቴ ፊት ስለ ሞራው ስትናገሪ፣ እኔ ዝም በይ ብዬ በዓይኔ ስለምንሽ ነበር። ያፈርኩት ያኔ ነው። በራሴ።" ቀረብ አላት። "ዶሪን ትናፍቅሻለች?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። የሚወዳት ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ግልጽ ነው። "አዎ" አለችው። "መንቶቹም ይናፍቁኛል። ጠዋት ጠዋት የወተት ጠርሙሱ ሲንኳኳ የምሰማው ድምፅ ሁሉ ይናፍቀኛል። አንዳንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነቃ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል።"

አፈወርቅ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። "እንግዲያው ይናፍቅሽ" አላት። "እንዳትደብቂኝ ብቻ። የናፈቀሽን እየነገርሽኝ፣ እኔ እየሰማሁሽ እንኑር።"

እጆቿን ፈትል ልትይዝ እንደምትዘረጋው ዘረጋችለት፤ ሁለቱንም ያዛቸው። ጣቶቹ በበግ ጠጉር ቅባት የለሰለሱ፣ የሞቁ ነበሩ።

"ልጆች!" የሚል የየኔታ ድምፅ ከቤት ተሰማ። "ኑ ግቡ እንጂ፤ ብርድ ነው።"

ሲገቡ የኔታ የዶሮ ወጡን እንቁላል በእጃቸው ይዘው፣ ወይዘሮ አማከለች ደግሞ እጃቸውን አጣምረው እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኟቸው።

"ዛሬ የመጣሁት ለመብላት ነው" አሉ የኔታ። "በወጉ የምጠይቀውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ልኬ እጠይቃለሁ።"

"ይምጡና እናስብበታለን" አሉ ወይዘሮ አማከለች፣ ልጇን ለመስጠት የማትቸኩል እናት በምትናገርበት ድምፅ።

ትርሲት "እማዬ!" ልትል አፏን ከፈተች። አፈወርቅ በሳቅ ሊፈነዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የኔታም በወጉ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁና እንቁላሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለትርሲት አጎረሷት። ጎርሳ ስታላምጥ እናቷን አየች፤ ከባዱ ፊታቸው ሥር ደስታቸው እየተቁነጠነጠ ነበር። ወደ አፈወርቅም ዞረች፤ ትከሻው አሁንም በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ያስለቀሳት በርበሬው ይሁን ሌላ ነገር ሳታውቅ፣ እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ፣ አፏ ሞልቶ ሳቀች።